ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

«ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል ብዙ አባት «ዘንድሮ እርፍ ይይዛል» ብሎ ይመልሳል። እናት ደግሞ «በረዶ እህሉን በመታው ዓመት ነው የወለድኩት» ትላለች። ለጎረቤት ጨዋታ ይህ ይበቃል። ለሕግ ግን አይበቃም። ሕግ ሕፃንን የሚጠብቀው ዕድሜውን ቆጥሮ ነውና።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ከከተማ ይመጣል። ዘመድ ነው፤ ወይም ዘመድ የሚያውቀው ነው። «ልጁን ስጡኝ፤ አስተምረዋለሁ፤ ሙያም ይለምዳል፤ በየዓመቱም ገንዘብ እልካለሁ» ይላል። መሬቱ ጠቧል፤ ቤተሰቡ በዝቷል። አባት እሺ ይላል። እንዲህ ያለው ነገር በብዙ አገር ይደረጋል። ከሁሉ የታወቀው ግን ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ፣ ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሽመና የተወሰዱት ልጆች ጉዳይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ፈትል ሲጠቀልል ይውላል። ቆይቶ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ከጧት እስከ ሌሊት ይቀመጣል። ወገቡ ይታመማል፤ ዓይኑ ይደክማል። ተማሪ ቤት የተባለው ይቀራል። ገንዘቡም አንድ ጊዜ መጥቶ ይቀራል። ሽመና የተከበረ ሙያ ነው። ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ ካባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቢማር የሚነቅፈው የለም። የሚነቀፈው የሰው ልጅ እንደ ከብት መነዳቱ ነው።

ልጁ ሲመረው ይጠፋል። አገሩን አያውቅም፤ በረንዳ ያድራል። ይርበዋል፤ ዳቦ ይሰርቃል፤ ይያዛል። ፖሊስ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ አያውቅም። ወይም አሠሪው «18 ነኝ በል» ብሎት ነበርና እንዲያው 18 ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ራሱን ከአዋቂ ሌባ ጋር ይቆጥራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንዲህ ይላል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቢያጠፋ በወንጀል አይጠየቅም፤ የሚመክሩትና የሚያርሙት ወላጆቹ ናቸው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ዳኛው ሊገሥጸው፣ ለሚያሳድገው ሰው በኃላፊነት ሊሰጠው፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። 15 አልፎት 18 ያልሞላው በአዋቂው ሕግ ይዳኛል፤ ነገር ግን ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም።

አሠሪውም ከሕግ አያመልጥም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። ከ15 እስከ 18 ያለውም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም እንዳይሠራ አዟል።

ሕጉ መልካም ነው። ቦታው ግን ጎደለ። ለረዥም ዘመን በአገሪቱ የነበረው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያ አንድ ብቻ፣ እሱም በአዲስ አበባ ነበር። በሌላው አገር የተያዘ ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ይታሰር ነበር። ዳቦ የሰረቀው ልጅ እዚያ ገብቶ ምን ተምሮ እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በማረሚያ ያሉ ወጣቶች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ በግልጽ ጽፏል። ይህ እንዲፈጸም ግን ልጁ ልጅ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ማስረጃ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ሐኪም ይልካል። ሐኪም ጥርሱንና አጥንቱን አይቶ ይገምታል። ግምት ግን ግምት ነው፤ ባንድ በሁለት ዓመት ሊስት ይችላል። የ14 ዓመቱ ልጅ 16 ከተባለ ጉዳዩ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱት የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት ካለ በደንብ ይቀመጥ። ልጅ ተያዘ የሚል ወሬ ከመጣም፣ አባትና እናት አፍረው ቤት መቅረት የለባቸውም። ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ዳኛው የልጅን ጉዳይ የሚያየው ወላጅ ባለበት፣ በዝግ ችሎት ነው።

መልመጃ። በደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ልጄ ............ በ............ ወር በ............ ቀን ............ ዓ.ም. ............ ቀበሌ ተወለደ/ተወለደች።