ሪሌ «ቀጭ» ማለቱ ጤነኝነቱን ያረጋግጣልን?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በመሳሰሉት መንገዶች፣ የቡና ለቀማ በሚደርስባቸው ወራት ተሽከርካሪ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። በዚህ ወቅት የፊት መብራቱ የደበዘዘ ወይም ሞተሩ አልነሣ ያለ መኪና ወደ ጥገና ቤት ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚደረገው ጣትን በሪሌው ላይ አሳርፎ ማብሪያውን ማስከፈት ነው። ሪሌው «ቀጭ» ካለ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፍና ጥፋቱ በባትሪው፣ በአምፖሉ ወይም በሽቦው ላይ ይላከካል። ጤነኛው ዕቃ ተለውጦ በሽተኛው በቦታው ይቀራል። ይህ ፍርድ የሚሳሳትበትን ምክንያት ለመረዳት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው የኦም ሕግ የዘለለ ዕውቀት አያስፈልግም።

ሪሌ ማለት በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ፣ በኤሌክትሪክ ግን የማይገናኙ ሁለት መስመሮች ማለት ነው። አንደኛው መስመር በብረት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ (ኮይል) ሲሆን፣ በብዙ ሪሌዎች ላይ ጫፎቹ 85 እና 86 በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃሉ። ሁለተኛው ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል በ30 ተቀብሎ በ87 በኩል ወደ መብራቱ የሚያሳልፈው ወፍራም መስመር ነው፤ በመካከሉም የሚገጥሙና የሚለያዩ ሁለት ኮንታክቶች አሉ። ኮይሉ ኮረንቲ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ኮንታክቶቹን ያጋጥማል። በብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3 እና 5 ስለሚሆኑ፣ በሪሌው ጎን የታተመውን ሥዕል ማንበብ ቁጥር ከመሸምደድ ይሻላል።

የኮይሉ ሬዚስታንስ 85 ኦም ነው ብንል፣ በ12 ቮልት የሚስበው ኮረንቲ 0.14 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ግን ወደ 9 አምፔር ይፈልጋሉ። እንግዲህ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚመሰክረው ስለ 0.14 አምፔሩ መስመር ነው። ስለ 9 አምፔሩ መስመር ግን ምንም አይነግረንም።

ኮንታክቶቹ በተለያዩ ቁጥር በመካከላቸው ቅጽበታዊ የእሳት ብልጭታ ይፈጠራል። ከዓመታት በኋላ ገጻቸው ይጠቁርና ይቦረቦራል። ጅማን በመሰለ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት አገር ደግሞ ሪሌው የሚሰካበት ቦታ ላይ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 0.2 ኦም ብቻ አመጣ እንበል። የሁለቱ መብራቶች የጋራ ሬዚስታንስ 1.3 ኦም ያህል ስለሆነ፣ ጠቅላላው 1.5 ይሆናል፤ ኮረንቲውም ወደ 8 አምፔር ዝቅ ይላል። በኮንታክቱ ላይ 1.6 ቮልት ስለሚጠፋ ለመብራቱ የሚደርሰው 10.4 ቮልት ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን ከቮልቱ መጠን በላይ ነው፤ የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ እጅግ በፈጠነ መጠን ስለሚቀንስ፣ ከብርሃኑ ከሲሶ በላይ ይታጣል። በጭጋጋማ ሌሊት መንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ በወቅቱ በማየትና ባለማየት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ሊሆን ይችላል። የጠፋው ኃይልም ደብዛው አይጠፋም፤ 13 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ከጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ ይከማቻል። የቀለጠ የሪሌ መሰኪያ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

መልቲሜትር የያዘ ሰውም ቢሆን ሊታለል ይችላል። አምፖሉን ነቅሎ በሶኬቱ ላይ ቢለካ 12 ቮልት ሞልቶ ያነብባል፤ መልቲሜትሩ ራሱ የሚስበው ኮረንቲ ከምንም ስለማይቆጠር በ0.2 ኦሙ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለምና። ሪሌውን አውጥቶ በኦም ልለካ ቢልም የመለኪያው ገመዶች ራሳቸው ከዚያ የማያንስ ሬዚስታንስ ሊኖራቸው ይችላል። አስተማማኙ መንገድ መብራቱን አብርቶ፣ ኮረንቲው በሙሉ እየፈሰሰ ሳለ፣ መለኪያውን በቀጥታ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በ30፣ ሌላውን በ87 ላይ ማሳረፍ ነው። ጤነኛ ኮንታክት ከ0.2 ቮልት በታች ያሳያል፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከታየ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ንባቡ ትንሽ ከሆነ በዚያው ዘዴ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ 30፣ ከ87 እስከ አምፖሉ፣ በመጨረሻም ከአምፖሉ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ደረጃ በደረጃ መለካት ነው። ቮልቱ የጠፋበት ቦታ ራሱን ይገልጣል።

መለኪያ በሌለበት ቦታ የሪሌውን ጥፋት የሚለዩ ሰዎች የክላክሱን ሪሌ ነቅለው በመብራቱ ቦታ ይሰካሉ፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ዘዴው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሲነቀልና ሲሰካ እግሮቹ ዝገቱን ስለሚፍቁት፣ ጥፋቱ ከመሰኪያው ሆኖ ሳለ አዲሱ ሪሌ ያዳነው ሊመስል ይችላል። አሮጌውን መልሶ ሰክቶ ጥፋቱ መመለሱን ማየት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ሪሌው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተዳከመው ባትሪው ነው። ኮንታክቱ ሲገጥም ከባድ ጭነት ይመጣል፤ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ማግኔቱ ይለቅቃል፤ ጭነቱ ሲነሣ ቮልቴጁ ያገግምና እንደገና ይስባል። በአንጻሩ ማብሪያው ከተዘጋ በኋላ መብራቱ አልጠፋ ካለ ኮንታክቶቹ በሙቀት ተበይደዋል፤ ባትሪው ለሊቱን ያልቃል።

30ን ከ87 ጋር በሽቦ ማገናኘት ለአጭር ምርመራ የተለመደ ነው፤ ፊውዙ በቦታው እስካለ ድረስም ብዙ አያስከፋም። በዚያው ሽቦ መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ የቤንዚን መኪናዎች፣ በግጭት ጊዜ ሞተሩ ሲቆም የነዳጅ ፓምፑን የሚያጠፋው ሪሌው ነው። በሽቦ የታለፈ ሪሌ ፓምፑን ማጥፋት ስለማይችል ነዳጁ በተሰበረው ቱቦ መፍሰሱን ይቀጥላል።

ቡና የሚያመላልሱት የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ከትንሽ መኪና የተነቀለ የ12 ቮልት ሪሌ ለእነርሱ አይሆንም። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኮረንቲውም እጥፍ ስለሚሆን የኮይሉ ሙቀት ከ1.7 ዋት ወደ 6.8 ዋት፣ ማለትም ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። መጀመሪያ ላይ ከወትሮው ጠንከር ባለ ድምፅ «ቀጭ» ይላል፤ ከቆይታ በኋላ ግን ኮይሉ ይቃጠላል።