የኅዋ ቅርጽና የዓይናችን ልክ



እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በሜዳ ላይ ስንቆም ምድር ዝርግ ትመስለናለች። ክብነቷ የማይታየን ዓይናችን የሚደርስበት ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ስለ ኅዋም እንዲሁ እናስብ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አለን ጉት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ፣ ኅዋ በመጀመሪያዋ ቅጽበት እጅግ በፍጥነት ተለጠጠች አለ። ፊኛ አብዝቶ ሲነፋ፣ በላዩ ለምትሄድ ጉንዳን ዝርግ ይመስላታል። ፕላንክ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ልኬትም በ2018 ይፋ ሆኖ፣ የምናየው ኅዋ ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ ልዩነት ዝርግ መሆኑን አሳየ። ከዓይናችን አልፎ ያለው ክብ ይሁን ወሰን የለሽ ግን አልታወቀም። ስለዚህ ትምህርቱን ፈርተን አንሽሽ፤ በለካነውም አንታበይ። የተለካው ከፍጥረት ጥቂቱ ነው፤ ፈጣሪም ከፍጥረቱ ሁሉ ይልቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።