አንድም ወተት ነው፣ አንድም ትል ነው

በደጋ ዳሞት ቤት የድመት ሥራ የታወቀ ነው። ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ማታ ከምድጃው ዳር ትተኛለች፣ የተረፈ ካለ ትበላለች። ስትታመም ግን ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት ብርቅ ነው። በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ደጃፍ የሚቆመው በሬ፣ በቅሎና በግ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማስተምረውን ፈረስ ቤት ገበያ ላይ ብናገረው የሚስቅ አይጠፋም፦ የስኳር በሽታ ያለባት ድመት ሆዷ ተበላሽቶ ዓይነ ምድሯ ቤቱን ሲያገማ ምን ይደረግ?

ለሚስቀው ሰው አንድ ነገር ላስታውሰው። የስኳር በሽታ ከቆሽት እንደሚነሣ የታወቀው በእንስሳ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው ስኳር ይሸና ጀመር። ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት በ1921 ኢንሱሊንን የሞከሩት በውሻ ነበር፤ በጥር 1922 ለሰው ተሰጠ። ዛሬ በየጤና ተቋሙ የሚሰጠው መርፌ መነሻው እዚያ ነው።

ድመትን ስኳር ሲይዛት ውኃ ታበዛለች፣ ሽንት ታበዛለች፣ እየበላች ትከሳለች። ሲብስባት የኋላ እግሯ ይዝልና ተረከዟን መሬት እያስነካች ትሄዳለች። በሽታው የሚበዛው ዕድሜያቸው በገፋ፣ በወፈሩና በተኮላሹ ወንዶች ላይ ነው። ደጋው ላይ አይጥ ስታሳድድ ከምትውለው ይልቅ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ምግብ ቤት ውስጥ ወንበር ሥር ተኝታ የምትጎረሰዋ ለዚህ ትቀርባለች።

አሁን ወደ ዓይነ ምድሩ እንግባ። ስኳሩ ብቻውን ተቅማጥና ክፉ ሽታ ማምጣቱ እምብዛም ነው። ሰው ግን አንድ የበሽታ ስም ከያዘ በኋላ ሁሉንም በዚያው ይፈታዋል፤ ብትተፋም ስኳሩ ነው፣ ቢሸትም ስኳሩ ነው። የመጻሕፍት መምህራን እንዲህ አያደርጉም። አንዱን ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ያክሉበታል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። የድመቷን ሆድም እንደዚሁ ፍቱት።

አንድም ወተት ነው። ግልገል ሳለች የጠባችውን ወተት የሚፈጭላት ነገር ስታድግ ይቀንሳል። ያልተፈጨው የወተት ስኳር አንጀቷ ውስጥ ይቦካል፤ ሆዷ ይነፋል፣ ሰገራዋ ይቀጥናል፣ ይሸታል። ለድመት ወተት መስጠት ደግነት ይመስለናል። ስኳር ላለባት ድመት ግን ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ አንጀቷንም ደሟንም ይነካል።

አንድም ትል ነው። አይጥ የምትበላ ድመት የኮሶ ትል ከአይጡ ጉበት ትወስዳለች፤ በቁንጫም የሚመጣ ሌላ ዓይነት አለ። በፊንጢጣዋ ዙሪያ ወይም በመኝታዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ክብ ትልና ጃርዲያ ግን በዓይን ላይታዩ ስለሚችሉ ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ወደ ክሊኒኩ ሂዱ። በማይክሮስኮፕ ማየት ለበግ እንደሚሠራ ለድመትም ይሠራል። መድኃኒቱ በክብደት ይለካል። ኮሶ ቀቅላችሁ እንዳታጠጧት፤ ለሰው የጠነከረ ነገር ለአራት ኪሎ ፍጥረት መርዝ ነው። ፍላጅልም ከቤት መሳቢያ እየተቆረሰ አይሰጥም። ፓራሲታሞልማ አንዲት ፍሬ ድመትን ትገድላለች፤ ይህን ለልጆች ሳይቀር ንገሩ።

አንድም ቆሽቱ ራሱ ነው። ቆሽት ሁለት ሥራ አለው፤ ኢንሱሊን ወደ ደም ይልካል፣ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽም ወደ አንጀት ያፈስሳል። ለብዙ ጊዜ ሲቆስል ሁለቱም ሊጎድሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዓይነ ምድሩ ይበዛል፣ ይገረጣል፣ ቅባት ያዝላል፣ ሽታው ከሁሉ ይከፋል፤ ድመቷም እየበላች አትጠግብም። ይህ በደም ምርመራ ይለያል። መድኃኒቱ ዱቄት ሆኖ ከምግብ ጋር የሚደባለቅ ነው። ከተማ የራቀበት ሐኪም የበሬ ጥሬ ቆሽት ደቆ ከምግቧ ጋር እንዲሰጣት ሊያዝ ይችላል። በበዓል ቅርጫ ላይ ማንም የማይሻማበት ሥጋ ቢኖር እሱ ነው። ነገር ግን ከተመረመረ ከብት ይሁን፤ አትቀቅሉት፣ እሳት ኃይሉን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለች ድመት ቫይታሚን ቢ 12ም ይጎድላታል፤ በመርፌ ይሰጣታል።

አንድም ያረጀች ድመት ናትና የእንቅርት ዕጢ ወይም የአንጀት ዕባጭ ነው። ይህን ለሐኪሙ እተወዋለሁ።

መድኃኒቱ ምንም ይሁን ምን ኢንሱሊን የምትወስድን ድመት የሚይዝ ሰው የማይዘልለው ሥርዓት አለ፦ መርፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፍ እዩ፣ አፏንና ከጅራቷ ሥር። በልታለች ወይ? የበላችው ሆዷ ውስጥ ቆይቷል ወይ? ካልበላች ወይም ከተፋች ሙሉውን መጠን አትውጉ፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ምግብ ያልገባበት ሆድ ላይ ኢንሱሊን ሲገባ ስኳሩ ያሽቆለቁላል፤ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ራሷን ትስታለች። መጠኑ ደግሞ ከሚታሰበው በታች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሐኪም የሚጀምረው በየ12 ሰዓቱ በአንድ ዩኒት ነው፤ በሰው ኢንሱሊን ብልቃጥ ሲለካ አንድ መቶኛ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለበሬ የሚያገለግለው ሲሪንጅ ይህን አይለካም፤ የኢንሱሊኑን ሲሪንጅ ግዙ።

ተቅማጡ ካደረቃት ንጹሕ ውኃ አትከልክሏት። ለሕፃናት የሚበጠበጠውን ኦ አር ኤስ ግን በራሳችሁ አትስጡ፤ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ አለበት። ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የሥጋ መረቅ ይሻላታል። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ስለዚህ የወጥ ፍርፋሪ አይሰጣትም። ትውከት ከበዛ፣ ደም ከታየ፣ እስትንፋሷ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ወይም ቀኑን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ነገ አትበሉ።

ዓይነ ምድሯን በየቀኑ በአመድ ሸፍናችሁ አንሡና አርቃችሁ ቅበሩ፤ ጎመን መደቡ ላይ አይጣል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ ከወጣ በኋላ እስኪበረታ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ትናንትናውን ያነሣ ቀድሞታል። እርጉዝ ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው።

የጾሙ ነገር ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከመርፌው ይልቅ እሱ ይከብዳል። ቤቱ ሲጾም ድመቷም ትጾማለች፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንች። ይህን ስከለክል አንድ ብልህ ተማሪ በነነዌ እንስሶቹም ጾመው የለም ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ጾመዋል፤ በንጉሥ አዋጅ፣ ለመቅሠፍት ቀን። ለድመት ግን የዓመት ሥርዓት አልተሠራላትም፤ ሆዷም የተፈጠረው ለሥጋ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን እንጀራ ስትበላ ደሟ ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፣ ሐኪሙም ኢንሱሊኑን ይጨምራል። የተቀቀለ እንቁላል ብትሰጧት የእናንተ ጾም አይፈርስም። ሥጋ ቤቶች ከመዝጋታቸው በፊትም፣ በቅበላ ሰሞን፣ በርበሬና ጨው ሳይነካው ቋንጣ አድርቃችሁ ልታስቀምጡላት ትችላላችሁ።

ይህ ካልተደረገ አደጋው በፋሲካ ሌሊት ይመጣል። ዶሮው፣ በጉ፣ ጮማው በአንድ ሌሊት ይወርድላታል። ሥብ ያልለመደ አንጀት ያን ሌሊት ይፈስሳል፤ የፋሲካ ማግሥት ሽታ የምንለው ይኸው ነው። ሌላው አደጋ ግን ድምፅ የለውም። ለእንጀራ የተለካው ኢንሱሊን ሥጋ ላይ ሲወድቅ ይበዛል፤ ስኳሩም ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ይወርዳል። ስለዚህ የምግብ ለውጡን ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ዘርጉት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፤ የመርፌውን መጠን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ወደ ቅዳሴ ከመሄዳችሁ በፊት ለሚቀረው ልጅ ማሩ የት እንዳለ አሳዩት። ስትንገዳገድ ካገኛት በጣቱ ጥቂት ማር ድዷ ላይ ይቀባ፤ ራሷን ከሳተች ወደ ጉሮሮዋ አያፍስስ፤ ከነቃች ምግብ ያቅርብላትና እናንተን ይጥራ።