ግድግዳና ሞገድ፦ የዋይፋይ ምልክት በትልቅ ሕንጻ ውስጥ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቤቴል በተባለው ሰፈር የሚገኝ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ በዐይነ ሕሊናችን እንሣል። ራውተሩ ከመግቢያው ጥግ ተቀምጧል፤ አንድ ተማሪ ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል ለነገው ፈተና የሚያነበውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ለማውረድ ይታገላል። ምልክቱ ይመጣል፣ ይጠፋል። ቤተሰቡም ከወር ወጪው ቀንሶ «ኃይለኛ» የተባለ ራውተር ለመግዛት ያስባል። ይህ ወጪ ችግሩን ይፈታው ይሆን?

ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ ነው። የብርሃንን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር፣ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ መረጃ በፍጥነት ቢያደርስም በአርማታ ውስጥ ሲያልፍ ይበልጥ ይዳከማል።

ምልክቱን የሚያዳክሙት ዋና ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ርቀት ነው፤ እንቅፋት በሌለበት ስፍራ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው እንቅፋት ነው። ቀጭን የእንጨት ክፍልፍል ጥቂት ብቻ ይቀንሳል፤ ብሎኬት ከዚያ ይበልጣል፤ ፌሮ የታሰረበት የአርማታ ግድግዳና ሶሌታ ግን እጅግ ያዳክማሉ። የብረት በርና ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሱታል፤ ውኃ የሞላ ታንከርም ይውጠዋል።

አንድ የአርማታ ግድግዳ ምልክቱን በ10 ዴሲቤል ይቀንሳል ብለን እንነሣ። ይህም ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛው ብቻ አለፈ ማለት ነው። ከሁለት ግድግዳ በኋላ አንድ መቶኛ፣ ከሦስት በኋላ አንድ ሺሕኛ ይቀራል። ግድግዳ ሳይኖር በርቀት ብቻ ኃይሉን ወደ አንድ ዐሥረኛ ለማውረድ ርቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደግ አለበት። እንግዲህ ራውተሩን አዛውሮ አንድ ግድግዳ ከመንገዱ ማስወገድ፣ የራውተሩን ኃይል ዐሥር እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው።

ኃይለኛ ራውተርስ? ከሸለቆ ማዶ ለማዶ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ለአንዱ ብቻ የድምፅ ማጉያ ብንሰጠው ሌላው ይሰማዋል፤ የሌላው መልስ ግን አይደርሰውም። ዋይፋይም የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ በባትሪ የሚሠራው የተማሪው ስልክ ድምፁ እንደ ቀድሞው ደካማ ነው።

ስለዚህ መፍትሔውን በዚህ ቅደም ተከተል እንሞክር፦

1. ራውተሩን ከጥግ አንሥተን ከቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለና ከብረት ከራቀ ስፍራ እናስቀምጥ።

2. ይህ ካልበቃ፣ በኬብል ወደ ጫፉ ክፍል አቅራቢያ ሁለተኛ ማሰራጫ እንትከል። የተለመደው የመረብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያገለግላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሁለቱ ማሰራጫዎች እንዳይረባበሹ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 የተለያዩትን እንምረጥላቸው።

3. ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ፣ ምልክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ እንጠቀም። ስፍራው ግን ምልክቱ ከጠፋበት ሳይሆን ገና ጥሩ ከሆነበት፣ ከመንገዱ አጋማሽ ይሁን። በአንድ ቻናል የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስም እናስታውስ።

አንባቢያችን የቤቱን ንድፍ በወረቀት ሥሎ፣ ስልኩን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ የምልክቱን መጠን ቢመዘግብ፣ የትኛው ግድግዳ ብዙ እንደሚቀንስ ራሱ ይደርስበታል። ከገበያ በፊት ይህን መለካት ይቅደም፤ ያ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ምናልባት ጥቂት ሜትር ኬብል ብቻ ሊሆን ይችላልና።