ማሽላ ድርቅን ስለሚታገሥበት የዘር ኃይል

ማሽላ ከብዙው እህል ይልቅ ድርቅን እንደሚታገሥ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ማሽላ ሁሉ እኩል አይታገሥም። በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላው የአሶሳ ቀበሌ ሁለት ገበሬዎች በአንድ ቀን ጎን ለጎን ቢዘሩ፥ ዝናቡም ቀድሞ የተቋረጠ እንደ ሆነ፥ የአንዱ ቅጠል ደርቆ አገዳው ሲወድቅ የሁለተኛው ለምልሞ ፍሬውን ሲሞላ ሊታይ ይችላል። ይህን ልዩነት የገበሬው ትጋት ወይም የዐፈሩ ጠባይ ብቻ አያመጣውም፤ ሊቃውንት ዘረ መል ብለው የሚጠሩት፥ በተክል ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ተጽፎ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ትእዛዝ ያመጣዋል እንጂ።

ተክል ውሃ በጠማው ጊዜ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ቅመም በውስጡ ይበዛል፤ ይህም በዐይን የማይታዩትን የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ያስዘጋል። እርጥበቱ እንዳይባክን ይረዳል፤ ሆኖም ቀዳዳው ተዘግቶ በቆየ መጠን ተክሉ ከአየር የሚያገኘው ምግብ ይቀንሳልና ይህ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ ሌላ ብልሃት ያለው ዘር ይፈለጋል። የአሜሪካ አርቢዎች ከኢትዮጵያ ከሄደ ዱራ ከሚባል የማሽላ ዐይነት ቢ 35 የተባለውን መሥመር አወጡ፤ ይህም ከአበባ በኋላ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም። ሲመረመርም ለዚህ ጠባይ ምክንያት የሆኑ አራት ዋና ዋና ሥፍራዎች በዘረ መሉ ውስጥ ተገኙ። የአውስትራልያ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ በእነዚህ ምክንያት ማሽላው ቅርንጫፍ አያበዛም፥ የላይኛው ቅጠሉም ጠባብ ይሆናል፤ ከአበባ በፊት ጥቂት ውሃ ብቻ ስለሚጠጣ የቀረው በዐፈሩ ውስጥ ይቆይና ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይደርስለታል። ነገሩ ቁጠባ ነው እንጂ ተአምር አይደለም፤ ጎተራውን ለሐምሌና ለነሐሴ እየሰፈረ እንደሚያቆይ ባለ ቤት ነው። ውሃ በማይቋጥር ስስ መሬት ላይ ግን የሚቆጠብ ነገር ስለሌለ ጥቅሙ ያንሳል።

ከአሶሳ ማዶ በሱዳን ኢትዮጵያዊው ዶክተር ገቢሳ እጀታ ድርቅን የሚታገሥ ዲቃላ ማሽላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ለገበሬ አደረሱ፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላም በማውጣት ደከሙ፤ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንግዲህ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው። የሩስያው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ዞሮ የእህሏን ዐይነት ብዛት አደነቀ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በማከማቻው ያልገባው ዘር በገበሬው ጎታ ብቻ አለ፤ በረኀብ ዘመን ከተበላ፥ ወይም አንድ ባለ ሥልጣን አዲስ ዘር አምጥቶ የቀድሞውን ሁሉ ተዉ ብሎ ካዘዘ፥ በብዙ ትውልድ የተመረጠው ኃይል በአንድ ክረምት ይጠፋል፤ በገንዘብም አይመለስም። አዲሱ ዘር ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ፈጥኖ የሚደርሰው ዝናብ ባጠረበት ዓመት ብዙ ቤት አድኗል። ደግሞም አዲሱ ራሱ የተወለደው ከአሮጌው ነው።

ስለዚህ አዲስ ዘር ከመታደሉ አስቀድሞ የወረዳው ሹም ከየቀበሌው ነባሩን ማሽላ ያስሰብስብ። ዛላው ሲመረጥ የሚያውቁትን ሽማግሌዎችና ዘር ጠባቂ ሴቶችን ይጠይቅ፤ በበርታና በጉሙዝ ቋንቋ የሚጠራበትን ስም፥ የተዘራበትን ወር፥ የመሬቱንም ዐይነት በየከረጢቱ ላይ ያስጽፍ። በሚገባ የደረቀውንም ለአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይላክ፤ ከፊሉን ግን በገበሬው እጅ ያስቀር፤ በየዓመቱ ካልተዘራ ከአገሩ ጠባይ ጋር አብሮ አይለወጥምና።