ስትሮክ፣ የደም ሥር ሕመምና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ከሰበካ ጉባኤያት ጋር ስለ ጤና ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ስትሮክ አንዱን ነገድ ከሌላው ለይቶ ያጠቃልን?» የሚል ነው። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፋው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ቅዳሴ በሚቆሙበት አገር መልሱ ጥንቃቄ ይሻል።

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ሕመም ነው። ሥሩ የሚታመምበት ስፍራ በሕዝቦች መካከል እንደሚለያይ ታውቋል። በአውሮፓውያን ዘንድ ስብ ይበልጥ የሚጠራቀመው በአንገት የደም ሥሮች ሲሆን፣ በቻይናውያን ዘንድ ግን በራስ ቅል ውስጥ ባሉት ነው። በኒው ዮርክ፣ በሰሜን ማንሃታን የተደረገው ጥናትም ይኸው የራስ ቅል ውስጥ ሕመም ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። በአፍሪካ ደግሞ ሥር ፈንድቶ ደም የሚፈስበት ስትሮክ ድርሻው ከአውሮፓ ይልቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በትውልድ ሐረግ ብቻ የመጣ አይደለም። በአገራችን ዋነኛው መንስኤ ሳይለካና ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ግፊቱ በአንጎል ጥልቅ ስፍራ ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ለዓመታት ያዳክማል፤ ባለቤቱ ግን አንዳች ላይሰማው ይችላል። «የእነ እገሌ በሽታ ነው» ማለት አንዱን ያስፈራል፣ ሌላውን ያዘናጋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናስተምር፦

1ኛ. ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረን ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ግፊታቸውን እንዲለኩ እናድርግ። በተደጋጋሚ 140/90ና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

2ኛ. የአዋቂ ሰው የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል። ቡናም ሆነ የቡና ቅጠል በጨው የሚጠጣበት ቤት ይህን ያስብ።

3ኛ. ጾም ገባ ወይም ጠበል ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ምእመን ጥቂት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። የንስሐ አባቶች ይህንኑ ለግፊት ሕሙማን ያስረዱ።

4ኛ. ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ «ምች ነው» ብለን አንቆይ። የተዘጋ ሥር የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ትን እንዳይለው ለሕመምተኛው ውኃም ጠበልም አናጠጣ፤ ፈጥነን ወደ ሆስፒታል እናድርስ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን በሌሊት ለታመመ ሰው መኪና የሚጠራው ማን ነው?