የስፔሻሊቲ ሥልጠና ለሚሹ ሐኪሞች፤ በአሽቀሎን ስለሚደረግ ቃለ መጠይቅ

በኢትዮጵያ ለስፔሻሊቲ የሚወዳደር ሐኪም አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ ምደባውን ሲጠባበቅ፣ በእስራኤል ግን ስታዡን፣ ማለት ከትምህርት በኋላ ያለውን የልምምድ ጊዜ፣ የፈጸመ ሐኪም የሚፈልገውን ክፍል ኃላፊ ራሱ ቀርቦ መጠየቅ ስለሚኖርበት፣ ነገሩ አባቶቻችን ደጅ ጥናት ይሉት የነበረውን ሥርዓት ያስታውሳል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመሠረተውና በቀድሞው የጤና ሚኒስትር በእስራኤል ባርዚላይ ስም በሚጠራው የአሽቀሎን ሆስፒታል ለመሠልጠን ቢሹ፣ ቃለ መጠይቁ ከኃላፊው ቢሮ አስቀድሞ በሕሙማን አልጋ አጠገብ እንደሚጀመር ይወቁ።

በመጀመሪያ ፈቃድ ጠይቀው ጥቂት ቀን የማለዳውን ጉብኝት ይከተሉ፤ አንድ ሌሊትም ከተረኛው ረዚደንት ጋር ይደሩ። ኃላፊው ከእርስዎ አንደበት ይልቅ የነርሶቹን ምስክርነት ይሰማሉና።

ቀጥሎ ስለ ራስ መናገርን ይለማመዱ። በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰብሮ፣ ብቻውን የሠራውን «ሠራን» እያለ እንዲናገር በትሕትና ያደገ ሰው፣ በቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ዘንድ እንዳላዋቂ ይቆጠራል። ስለዚህ ወዳጅዎን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ «እኛ» ባሉ ቁጥር በእርሳስ ጠረጴዛውን እንዲመታ ያድርጉት። እኔ ራሴ ይህን «እኔ» የማለት ልማድ አልወደውም፤ ቢሆንም ያስፈልጋል። ስለ ስሕተትዎ ሲጠየቁም የሆነውን፣ በሕመምተኛው ላይ የደረሰውንና ከዚያ ወዲህ የለወጡትን በቅደም ተከተል ይናገሩ እንጂ ጥፋቱን በሌላ አያላክኩ።

አማርኛዎን ግን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሙያ ያቅርቡት። አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ ቢመልሰው የጨጓራ ቃር የልብ ሕመም ሆኖ ይጻፋል፤ «ሆዴ ባሰኝ» ላሉ አዛውንትም ኀዘናቸውን የሚጠይቃቸው ጠፍቶ የሆድ ምርመራ ይታዘዝላቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ይተርኩት፤ ምን ብለው ደግመው እንደጠየቁ፣ የልብ ምርመራውንም ሳይተዉ እንዴት እንዳሠሩ ጭምር። በወገን ላይ የደረሰውን በደል ለመዘርዘር ግን ጊዜውም ቦታውም ያ አይደለም።

በሥልጠናው ለሚወሰዱት ለሁለቱ የስፔሻሊቲ ፈተናዎች፣ ማለት ለጽሑፉና ለቃል ፈተናው፣ ክፍሉ ለጥናት የሚሰጠውን ጊዜ፣ የወር ተረኝነቱንም ብዛት ያለ ሐፍረት ይጠይቁ።

በመጨረሻ ኃላፊው ትከሻዎን መታ አድርገው በዕብራይስጥ «ይሂዬ ቤሴዴር»፣ ማለት «ደኅና ይሆናል»፣ ቢሉ ተቀበሉኝ ብለው ደስ እያለዎት አይውጡ፤ በጀት የተያዘለት ክፍት ቦታ መኖሩንና ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩልዎ በአክብሮት ይለምኑ።